በሬን የመቱ ለት

ሁለት ሽማግሌ ማታ በሬን መቱ።
ማዕረጉን ደረታቸው ላይ ለጥፈውታል፤
ጢም አላበቀሉም፣ ሃያም መሙላታቸው ያጠራጥራል።
ጫማቸው ላይ በረዶ፣ ፊታቸው ላይ ሳቅ፣
ስፓኒሽ ያወራሉ ከልጆቻችን ይልቅ።
በእኛ መንደር፣ ሚቾአካን፣
ሽማግሌ የሚላክ ልጅ ሲታጭ ነበረ።
“ማንን ልትጠይቁ?” አልኳቸው፤
እህቴ ከኋላዬ ወንበር ስባ መጣች፤
ነገሩ እዚያው ሰመረ።

ኦቲልያ በጥር ነጭ ለብሳ ጠለቀች።
አልተቀየምኳትም።
ባሏን ይዘው ከድንበር ማዶ የጣሉት ሳምንት
ሾርባ ይዞ የመጣ፣ ደጇን የጠረገ፣
ኪራይ የሞላላት ማን ነበር? እነሱ ናቸው።
የእኛ ቄስ ደግ ሰው ነው፤ ግን አንድ ራሱን
ለሦስት ከተማ ያካፍላል ቅዳሴውን።
የጓዳሉፔዋን እመቤት ግን ከሳሎን አውርዳ
ከልብስ ማጠቢያው በላይ ሰቀለቻት፣ ጓዳ።
“አልጣልኳትም” አለች፣ “ቦታ ነው የቀየርኩላት።”
ምን እላታለሁ?
እኛም ቦታ የቀየርን ነን።

በሚያዝያ ወረቀት ይዛ መጣች፤
“እናታችንም” አለች፣ ድምጿ እየቀጠነ፣
“በያሬሊ አካል፣ በራሷ ስም ትጠመቅ፣
ፈቃድህ ከሆነ።”
ሎጋን ኮረብታው ላይ፣ ቤተ መቅደሱ ውስጥ፣
አሥራ ሁለት በሬዎች ገንዳ ተሸክመው
ዘላለም ቆመዋል አሉ፣ ቢላ ሳይነካቸው።

በሬ እኔ አውቃለሁ።
ሃይረም ቄራ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመቴ።
በሬ ውኃ ሲሸከም አላየሁም።

ተቆጣሁ፤
“ካንዴላርያ ጠማቂ ነበረች!
በአናናስ ልጣጭ፣ በጥቁር ስኳር
ቴፓቼ ጠምቃ መንደር ያሰከረች፣
መቁጠሪያ ጨብጣ የሞተች!
በማይጠጡት መሃል ያቺ የጠመቀች
ሞታ ልትጠመቅ ነው?”
ኦቲልያ ሳቀች። ቆይታ አለቀሰች።
ወረቀቱን አጥፋ ወጣች።

እሑድ ያሬሊ መጣች፤ አሥራ አራት ዓመቷ፣
ስፓኒሽ የሚያዳልጠው ምላሷ።
“አጎቴ፣ የአያቴ ስም በሲ ነው በኬ የሚጻፈው?
መቼ ተወለደች? ዓይኗስ ምን ይመስላል?
ፀጉሯን ትሠራው ነበር?”
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በዚህ ሁሉ አገር፣
ስለሷ የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበር።

ነገርኳት።
የካቲት ሁለት፣ የሻማው በዓል ለት።
ቀኝ ዓይኗ ሸውራራ።
ለለቅሶ ቀድማ ደራሽ፣ ለዕዳ ዘግይታ።
እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም።
ስሟን ግን በእጄ ጻፍኩላት፣
በሲ።

ሰኞ ሥራ ገባሁ።
መስመሩ ተንቀሳቀሰ፣ በሬ በበሬ ላይ።
ሳላስበው ቆጠርኩ።
አሥራ ሁለተኛው ቀና ብሎ አየኝ፤
እጄ ዘገየብኝ።
“አንሴልሞ!” አለ ካቦው፣ “ምን ነካህ?”
ከኋላው ሌላ ነበር፣ ከዚያም ኋላ ሌላ።

በሬን መታሁ።
የከፈተልኝ የለም።