ሦስተኛዋ ደወል

የካቲት ሲገባ ጉሮሮዬ ታጥሮ፣
ውሃ እንኳ ሲወርድ እንደ እሾህ ቆንጥሮ፣
ከአንገቴ ግራና ቀኝ እጢው ተወጥሮ
እንደ ኮክ ፍሬ፣
ተኛሁ። ለሳምንት መስሎኝ። ይኸው እስከ ዛሬ።

"ጣፊያሽ አብጧል" አለች ሐኪሟ ጎኔን ጫን አድርጋ፣
"ገመድ መሳብ የለም፣ ቢያንስ እስከ በጋ።"
"መድኃኒቱስ?" አልኳት።
"አልጋ" አለች፣ "አልጋ።"

መንደራችን ትንሽ ነው። ትሬቬላን ማለት
አንድ ዳቦ ቤት፣ የዓሣ ጀልባዎች ስምንት፣
ወሬ እንደ ማዕበል የሚመላለስበት።
"በመሳም ነው" አሉ "ይህ ትኩሳት የሚይዘው፤
ይቺ ዝምተኛ ልጅ ማንን ስማ ነው?"
አልዋሽም፣ ስሜያለሁ፤
ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስሜያለሁ።
የከንፈሩን ነገር
ለጀልባው ልጅ ትቼዋለሁ፣ ከፈለገ ይናገር።

ግንቡ ላይ ስድስት ደወል አለ፤ ሦስተኛዋ የኔ፣
ሎዌና ትባላለች፣ በአያቶቻችን ቋንቋ "ደስታ"፤
አምስት እጥፍ ትመዝናለች ከኔ።
በመጀመሪያው ማክሰኞ መስኮቱን አስከፍቼ
ቆጠርኩ ተኝቼ፦
አንድ፣ ሁለት፣
. . .
አራት፣ አምስት፣ ስድስት።
እንደ ወለቀ ጥርስ ያለ ክፍተት።
ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣
መጉደሌ ስለተሰማ ደስ አለኝ።

በአምስተኛው ሳምንት ያ ጎዶሎ ሞላ፤
የአናጢው ልጅ ፔራን፣ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ያ ቀልቃላ፣
ገመዴን ይዞ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይቀራል ኋላ።
እኔ ከፍራሽ ላይ ስህተቱን ስለቅም
(የዚያን ሰሞን ለሌላ ሥራ የለኝም አቅም፤
ማበጠሪያ ማንሳት ክንዴን ያደክመኛል፣
ሻይ ሳይቀዘቅዝ እንቅልፍ ይቀድመኛል)
ስህተቱ ቀስ በቀስ አነሰ።
ያን ቀን አለቀስኩ።

ግንቦት። ትኩሳቱ ለቀቀ፣ እጢው ሟሸሸ፣
ደሜ ደህና ነው ተባለ፤ ድካሙ ግን አልሸሸ።
"መልክሽ ተመልሷል!" ይሉኛል ዳቦ ቤት፤
መልክማ አለ፤ ደጁ ተጠርጎ ሰው የሌለበት ቤት።
"በርቺ" ይሉኛል። በርትቼ ነው የወደቅኩት፤
አንድ ቀን ያረምኩትን አትክልት
አራት ቀን ተኝቼ ከፈልኩት።

ሰኔ ላይ፣ ማክሰኞ፣ ለማንም ሳልናገር ወጣሁ።
የግንቡ ደረጃ አርባ አንድ ነው፤ ድሮ በሩጫ ነው የምወጣው።
አሥራ ሰባተኛው ላይ እግሬ "በቃኝ" አለ።
ተቀመጥኩ። ጨለማው የባሕር ጨው ሽታ ያዘለ፣
ግድግዳው በደወሉ ብዛት ጀርባዬ ላይ የሚርገበገብ፣
እኔ መሐል ላይ፤ የማልወጣ፣ የማልወርድ።

ፔራን ሲወርድ አገኘኝ። ጆሮው ድረስ ቀላ።
"ኬሬንሳ፣ አትቆጪኝ" አለ፣ "ሁሌ ቀድማ ትወድቅብኛለች፤
መሳቢያው ጊዜ መቼ ነው?"

"አትሳብ" አልኩት።
"ወደ ላይ ወጥታ፣ አፏን ለሰማይ ከፍታ፣
ትቆማለች ለአፍታ።
ሰነፍ ትመስላለች፤
ክብደቷን ሁሉ ግን በዝምታ ይዛለች።
እዚያ ላይ ከቸኮልክ ከእጅህ ትወድቃለች፣
ከገፋኻት ደግሞ ማቆሚያዋን ትሰብራለች።
ተዋት። ራሷ ትመጣለች።"

ለሰው ምክር መስጠት፣ ይገርማል፣ አያደክምም።
እየደገፈኝ ወረድን፤ ስለ ድካሜ ምንም አልጠየቀኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ወጣሁ።
ከዚያ ወዲያ ባለው አሥራ ሁለት ብቻ።
ከዚያም ወዲያ ምንም፤ ጫማዬን ሳላወልቅ
ሶፋው ላይ ነበርኩ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣
የዝናብ ሽታ ከመጋረጃው ጋር ወጣ ገባ ሲል፦
አንድ፣
ሁለት፣

(ጠብቅ)

ሦስት።

አራትን አልሰማሁም። እንቅልፍ ወስዶኛል።