ሦስተኛው ገመድ

ኅዳር ላይ በትሪየስቴ ቦራ የሚሉት ነፋስ
የጋራዡን ቆርቆሮ እንደ አበዳሪ ሲያንኳኳ፣ ሄዶ ሲመለስ፣
እየተንገጫገጨች፣ ጭስ እየተፋች፣
የሲኞራ ኔሪና ፓንዳ ደጃፋችን ቆመች።

ዓሣ ሻጭ ናት ሴትዮዋ። ሽቅብ ወደ ኦፒቺና
ስትወጣ ጉልበት የላት መኪናዋ፤ ቁልቁል ስትሆን ጤና።
"ታስላለች" አለችኝ፣ "እንደ ሟቹ ባሌ፤
ጧት ጧት ይብስባታል።" ዝም ብዬ ሰማኋት፣ መስማት ነው አመሌ።
ባለቤት ይቀድማል ከመፍቻ፣ ከፒንሳ፤
በሽታን የሚያውቀው አብሮት የተኛ፣ አብሮት የተነሣ።

ቋንቋ ሳላውቅ ነው የመጣሁ፤ ጋራዡ ግን ቋንቋዬ ነበረ፤
ካቻቪቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ሁሉም ኮምቦልቻ አብሮኝ የኖረ።
ከበሩ ወጣ ስል ነው ጉዱ። መብራት ጠፍቶ አከራዬ "ካንዴላ" ብትለኝ
ከኪሴ አወጣሁላት፣ የሞተር፣ ጥላሸት የበላው። ሻማ ነበር የጠየቀችኝ።

አስነሣኋት። ሚኒሞ ላይ ስትቆም፦
ዱ ዱ ዱ... ዝም። ዱ ዱ ዱ... ዝም።
አራት ሆነው ሊቀበሉ የተሰለፉ፣
አንዱን እንቅልፍ ወስዶት፣ ሦስቱ ብቻ ተቀብለው አለፉ።

ኮምቦልቻ ሳለሁ መምህሬ እንድሪስ
እንዲህ ነበር ያለኝ፣ እጁን በጨርቅ ሲያብስ፦
"ሞተሩ ሳይጠፋ ገመዱን ንቀለው፣ አንድ ባንድ፣ በተራ።
ስትነቅለው ድምፁ ከወደቀ፣ ያ ሠራተኛ ነው፤ መልሰህ ሰካው፣ አደራ።
ነቅለኸው ግን ሞተሩ ምንም ካልመሰለው፣
ምንም ካልጎደለው፣
እሱ ነው የሞተው።"

አንደኛውን ነቀልኩ። ተንቀጠቀጠች።
ሁለተኛውን ነቀልኩ። ልትጠፋ ቃተተች።
ሦስተኛውን...
እንደነበረች ነበረች።

ካንዴላውን ፈታሁት፤ እርጥብ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚል፣ ሳይቀጣጠል ያደረ።
በሩ ሲጢጥ አለ። ዳርኮ ነው፣ ባለጋራዡ፤ ልቡን ተቀዶ ሆስፒታል የከረመ፣ የኖረ፤
ወር ተኩል ያልታየ።
ካፖርቱ ሰፍቶበታል። ዙሪያውን ቃኘ፣ ቃኝቶም እኔን አየ፦
"ያለ እኔ እንዴት ነበር?"

ምን ልበለው? እውነቱ እጄ ላይ ነው፣ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሏል።
ደንበኛ አልቀረም፣ ሂሳብ አልተዛባም፣ ኪራዩም በቀኑ ተከፍሏል፤
ወንበሩ ላይ እንኳ አራት ጎማ ደርድረንበታል።

ዝም አልኩ። እሱ አንገቱን አዘንብሎ ሞተሩን ሰማ፣
ሐኪሞች ደረቱን እንደሰሙት መሰለኝ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ረጅም።
"መብራቱን አጥፋው" አለ።
"ምን?"
"አጥፋው። የውሃ መርጫም አምጣ።"

ጨለመ። ጤዛ ያህል፣ ከዚያ በላይ አይደለም፣ አርከፈከፈ፤
ከሦስተኛው ገመድ ወገብ ሰማያዊ ብልጭታ ተፈናጥሮ ብረቱ ላይ ረገፈ።
ደግሞ ረገፈ። ደግሞ።
እሳት አልጎደላትም! እሳቱ ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ላይ ይፈሳል፤
ካንዴላው ደጅ ሳይደርስ፣ ፀጉር በማታህል ስንጥቅ ያመልጣል።
እንድሪስ ይህን አልነገረኝም። ወይም ነግሮኝ ነበር፣
ግን ቀን ነበር።

ገመዶቹን ለወጥን፣ አራቱንም። አዲስ ካንዴላ፤ አቧራ የጠገበ ፊልትሮዋንም ጣልነው።
ክፍተቱን ዜሮ ነጥብ ሰባት ለካሁ፤ ዳርኮ በጥፍሩ ደግሞ ለካና "ይሁን" አለኝ፣ ልክ ነው።
ሲያጎነብስ ሸሚዙ ተከፍቶ ስፌቱ ታየኝ፣
እንደ አዲስ የተገጠመ ቴስታታ፤ አየሁ እንዳላየ ሆንኩ፣ እሱም አየኝ።

ዱ ዱ ዱ ዱ።
አራቱም።

ማታ ኔሪና መጣች። ከፍላ፣ በጋዜጣ የጠቀለለችውን ሰርዲን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ሄደች።
ዳርኮ ጎማዎቹን አንድ ባንድ አውርዶ፣ ከባዱን እኔ ተቀብዬው፣ ተቀመጠ።
"አልመለስክልኝም" አለ።
"ሚኒሞ ላይ ነበርን" አልኩት።
ደረቱን ደግፎ ሳቀ፣ ሐኪሙ የከለከለውን ሳቅ፣ አንዴ ሳይሆን እንደገና፤
ፓንዳዋም በሩቅ ማርሽ ስትቀይር ተሰማን፣
ሽቅብ፣ ወደ ኦፒቺና።