ማንም ያልወሰዳቸው

ኅዳር ነው። ጠባሴን ውርጩ እንደ ስሟ ጠብሷታል፤
የብርድ ልብሱ ፋብሪካ ለሁለት ቀን ለቆኛል።
ከሀብተየስ ሱቅ ፍላሼን ይዤ ቆሜያለሁ፤
«ድብድብ ነው? ፍቅር ነው?» ሲለኝ
«ማንም የማይወስደውን ስጠኝ» ብያለሁ።
ሳቀብኝ። «ሦስት አሉ» አለ፣ «ሂሳብ አልቀበልም፣ በነጻ፤
ያያቸው ሁሉ ገንዘቤን መልስ እያለ ነው የመጣ።»

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የመጀመሪያው፦
ግድግዳ።
ቀለሙ የተላጠ አንድ ግድግዳ፣ ሌላ ምንም፤
ሰው የለም፣ ሙዚቃ የለም፤
ከወዲያ በኩል ብቻ አንድ የማይታይ ሰው ይስላል።
ዝም ይላል። ደግሞ ይስላል።
ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሎኝ ጎኑን በጥፊ አልኩት፤
ሽቦውን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፤
ግድግዳው ያው ግድግዳ፣ ሳሉም ያው ሳል።
ይሄ እንዴት ፊልም ይባላል?
ተሳደብኩ፣ የሠራውንም፣ ያከፋፈለውንም፤
እጄ ግን ሊያጠፋው አልታዘዘኝም።
ሃምሳኛው ደቂቃ ላይ ሳይታወቀኝ ተነሥቼ፣
ማንቆርቆሪያውን አንሥቼ፣
ጤና አዳም ጣል አድርጌ ውሃ ላፈላለት ነበር፣
ስሙን ለማላውቀው፣ ፊቱን ላላየሁት።
አፈርኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።
(እኛ ማበጠሪያ ክፍል የምንሠራ ሳልን ከነዓይነቱ እናውቃለን፤
የጉንፋኑን ከብናኙ በድምፁ እንለያለን።)

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሙሉሸዋ መጣች፤
አከራዬ ናት፤ ኪራይ ልትለኝ መስሎኝ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።
ሁለተኛው፦ አንዲት ሴት
መናገር በፈለገች ቁጥር ከአፏ ንብ ይወጣል።
ባሏን «ደህና አደርክ» ልትል፣ ንብ።
ዳኛ ፊት ቆማ፣ ንብ። ችሎቱ ሁሉ ንብ ይሆናል።
እኔ ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ፤ ጉሮሮዬን ዳበስኩ፤
አለቃዬ ፊት የዋጥኩትን ስንቱን ቃል አስታወስኩ።
ሙሉሸዋ የመንዝ ልጅ ናት፣ ምኑም አልደነቃት፤
«ምነው ቀፎ ቢሰጧት?»

ሦስተኛው።
ሰው በር ተሸክሞ ይሄዳል።
በር ብቻ፤ ከነማጠፊያው፣ ከነቁልፉ፣ በረሃ ያቋርጣል።
ሲመሽ አሸዋው ላይ ያቆመዋል፣
ከፍቶ ያልፋል፣ ዘግቶ ይተኛል፣
ነፋሱ በዙሪያው ሁሉ ሲገባበት።
እኔ የተማርኩ ነኝ ባይ፣ ምሥጢር ፈለግሁለት፤
«በሩ ሞት ነው» አልኩ፣ «አይ፣ ተስፋ ነው፤ ወይም ኅሊና...»
ሙሉሸዋ ነጠላዋን አጣፋችና፦
«ምን ያደናብርሃል! ቤቱን አፍርሰውበት ነው።
እኛም መንገዱ ሲወጣ፣ አባቴ መጀመሪያ የነቀለው
በሩን ነበር። የጥድ ሳንቃ። ቆርቆሮው ቀረ፣ ማገሩ ቀረ፤
በሩ ሦስት ዘመድ ቤት አብሮን ዞረ።»
ወደ ምስሉ ዞረች። «ትከሻ ቀይር» አለችው፣ «ግራህ ዝሏል።»
ሰውየው ትከሻ ቀየረ።
እኔና እሷ አልተያየንም።

ከሩቅ ቤት የሚመስል ነገር ብልጭ ሲል፣ ገና ሳይደርስ፣
መብራት ሄደ።
ከጠባሴ እስከ በሬሳ ድረስ
ከተማው እንዳለ ጨለመ። ውሻ ጮኸ።
ሙሉሸዋ ጥቂት ጠበቀች። «ሲመጣ ጥራኝ» አለች፣
«የት እንደሚገጥመው ልይለት።»
ስትወጣ በሬን በጣቷ ቋ ቋ አደረገች፣
እንጨት እንደሚመርጥ ሰው፤
ምንም አልተናገረች።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራቱ መጣ።
ቴሌቪዥኑ ሳልነካው በራ፤ ካቆመበት አይደለም፣
ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ያ ግድግዳ፣ ያ የተላጠ ቀለም።
በእንቅልፍ ልቤ ሳል ሰማሁ፤
አንዴ ከዚያ፣ አንዴ ደግሞ ከሙሉሸዋ በኩል መሰለኝ፤
አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው የሚለየን።
እኔ፣ ሳል በድምፁ እለያለሁ ባዩ፣
የትኛው እንደሆነ አልለየሁም።
ለማንኛውም ተነሣሁ፤
ውሃ ጣድኩ።