አሻራ

ጥሩዓለም ልጄ፣ ከበረዶው አገር፣ ፎርሙን ሞልታ ላከች፤
«የአምስት ዓመት ፈቃድ፣ የሚታደስ፣ አባ፣ እሺ በለኝ» አለች።
«የሚመጡት ለምን?» ሲል፣ «ለማረፍ» ብላለች፣ በእኔ ስም፣ በእኔ አፍ፤
እኛ ሰፈር ሽምብጥ፣ ሰው ዐረፈ ሲሉ፣ ሌላ ነው ማረፍ።

ወንጀል እንደሌለኝ፣ ይመስክር ፖሊሱ፣ ስላለ ኤምባሲው፣
አሥር ጣቴን ይዞ፣ መስታወት ላይ ጫነ፣ አንዱ ልጅ እግር ሰው።
ማሽኑ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ።
«አባባ፣ ጣትዎ ላይ፣ አሻራ የለም እኮ፣ ምን በላው?» ቢለኝ፣
«ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ጨርቃጨርቅ ነበርሁ፣ ክሩ ነው የላጠኝ።
በሙሽራ አንሶላ፣ በወታደር ፋሻ፣ በመግነዝም ሳይቀር፣
እዚያ ነው ያለችው፤ ለብሶ ጨርሷታል፣ ቆላ ደጋው አገር።»

«አሥር ቀን ያርፉና፣ ቫዝሊን እየቀቡ፣ ይመለሱ» አለኝ፤
ዐረፍሁ፣ ቀባሁም። በስምንተኛው ቀን፣ ቀጭን መስመር ታየኝ፤
አውራ ጣቴ ጫፍ ላይ፣ ነፋስ እንዳየ ጣና፣ ሽብሽብ ይላል።
«እሰይ አባ!» አለች፤ እኔም «እሰይ» አልኋት፣ ሌላ ምን ይባላል።

ዘጠነኛው ሌሊት፣ ጎረቤቴ አበጀ፣ መረብ ሊስብ ሲወርድ፣
«ላግዝህ» አልሁና፣
እስኪነጋ ጎተትሁ፣ ሻካራውን ገመድ።