የጨው ሰው፣ ቁጥር አርባ አንድ

በኢሎኢሎ ወደብ፣ ከዓሣ ተራው ጀርባ፣
ገመድ በሚጎትት፣ በሚቃትት ጀልባ፣
የማናንግ ሳሉድ ሱቅ ነበረ በዚያ ዘመን፤
ጀግና የሚከራይ፣ በአምስት ሳንቲም ተመን።
ተሰቅለው በሲባጎ፣ በልብስ መቆንጠጫ፣
መብረር የሚችሉቱ ያጡ ነበር መውጫ።
ወገባቸው ሻግቶ፣ ጠርዛቸው በምስጥ ተበልቶ፣
ዓለምን ያድኑ ነበር፣ ሳንቲሙ ቀድሞ ገብቶ።

ለአራት ነበር የምናዋጣው፤ አግዳሚው ላይ ተጣበን፣
እኔ ሳነብ እነሱ ሲሰሙ፣ በአንድ ትንፋሽ ተሳብን።
ቴዎዱሎ፣ በረዶ ፈላጩ፣ ፊደል ያልታደለ፣
ሥዕሉን ግን ከእኔ ቀድሞ የሚያነብ፣ ጣቱን እየተከለ፤
ሲክስቶ፣ ቃል ምላሱ ላይ እንደ መልሕቅ የሚጣበቅ፤
ኔኒታ፣ ጀግናው ሲመታ እሷ የምትወድቅ።

ሌሎቹ ከኮከብ ወረዱ፣ ከነገሥታት ዘር መጡ፤
ቀርከሃ ገንዳ ውስጥ፣ ከባሕርና ከፀሐይ ነው የጨው ሰው አመጣጡ።
ጥይት ሲነካው ይሰነጠቃል፣ ሳይደማ ይገጥማል፤
የደሃ ወጥ ያጣፍጣል፣ የሀብታም ዓይን ያቃጥላል።
ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ ይባላል፤
ይኼኛው ግን ለሰው ነበር።
አንድ ነገር ብቻ ይፈራል፣
ዝናብ።
እኛ አገር ደግሞ የዓመቱ ግማሽ ዝናብ ነው።

ቁጥር አርባ አንድ ላይ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ድልድዩ ሲናድ፣
አንዲት ሕፃን ግንድ አቅፋ በደራሹ ስትወርድ፣
ሰማዩ ጠቁሮ፣ የመጀመሪያዋ ጠብታ ትከሻውን ስትበሳ፣
የጨው ሰው ካባውን ጥሎ፣ እግሩን ሲያነሣ —
ገጹ የለም።
ማናንግ ሳሉድ ኦቾሎኒ ጠቅልላበት ኖሯል፣ ለአንድ መርከበኛ።
«ገንዘባችን!» ብንላት፣ «ሌላውን አንብቡታ!» አለች፣ ነገረኛ።

የዚያን ማታ ክርክር!
«ሟሟ» አለ ቴዎዱሎ፤ በረዶ ሲያልቅ ያየ ነው።
«አልሟሟም!» አለች ኔኒታ እንባዋን እየጠረገች፤ «ወንዙ ነው የጣፈጠው!»
ሲክስቶን ተናገር ብንለው፣ ከብዙ ትግል ኋላ፣
«እ... እ... እግሩን አንሥቷል» አለ። አልሰጠንም ሌላ።

ካህኑ እሁድ ሲሰብኩ «የወረቀት ጣዖት» አሉት።
እኛ ግን ሰግደን አናውቅም፤
አብረነው ነበር የምንፈራው።

ሱቁ ፈረሰ። አደግን። ቴዎዱሎ በመርከብ ሄደ፣ ቀረ።
የአውሎ ነፋሱ ዓመት፣ የሃሮ ወንዝ ግንቡን ሰብሮ ሲወጣ፣
ሲክስቶ አናጢ ነበር፤ ቦርጫም፣ ባለ ትዳር፣ ዋና የማይችል።
ከማዶ ጣራ ላይ ሁለት ልጆች።
ከዚህ፣ ጥግ ይዘን የቆምን ሃያ ሰዎች፣ ሁሉም ምክር የሚያውቅ።
ገመድ ወገቡ ላይ አሰረ፤
እግሩን አነሣ።

ልጆቹ ወጡ። ለእሱ የስድስት ወር ሳል ተረፈው፣ አንድ ጫማም ጠፋበት።
«ምን አስበህ ነው?» ሲሉት፣ «ም... ምንም።»
ቆይቶ ግን ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ ምንም ሳይንተባተብ፣
«ገጹ ተቀድዶ ነበር» አለኝ።

ባለፈው ሰኔ፣ ማኒላ፣ አሮጌ መጽሔት ከሚሸጥ ዘንድ፣
በፕላስቲክ ታሽጎ አገኘሁት፣ ቁጥር አርባ አንድ።
ዋጋው የሦስት ወር ጡረታዬ።
ወጣቱ ሻጭ ጓንት አጥልቆ፣ እንደ ቅዱስ አፅም ገለጠልኝ።
የመጨረሻው ገጽ፦
ግማሹ የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ፣
ግማሹ ባዶ ሰማይ፣ ከሥሩ አንዲት ቃል፣
«ይቀጥላል።»
ቁጥር አርባ ሁለት አልታተመም፣ አለኝ፤ ኩባንያው ከስሯል።

አልገዛሁትም። ለኔኒታም አልነገርኳትም።
እሷ እስከ ዛሬ ለልጅ ልጆቿ
ወንዙ እንዴት እንደ ጣፈጠ ታወራለች።
ትንሿማ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ቋጥራ ትወጣለች አሉ፣
በዝናብ መሐል ምላሷን አውጥታ፣
«ጨው ጨው ይላል!» እያለች ትዋሻለች።