ስፖንዳው ላይ

ፒክአፔ አሮጌ ነው፤ ድሮ ነጭ ነበረ፣
ቀኝ ጎኑ ግን ዛሬ
ድመት እንደቧጠጠው ተዥጎርጉሮ ቀረ።
የፔዳል ጥፍር ነው
እሑድ በመጣ ቁጥር የተቆጠረበት፣
አምስት ብስክሌቶች
ስድስት ዓመት ሙሉ የተሰቀሉበት።

የኋላ ጎማቸው ውስጥ፣ ከካሶኒው ወለል፣
የፊት ጎማቸው ውጭ፣ አየር ላይ ሲንጠለጠል፤
ግማሹ የገባ፣ ግማሹ የወጣ፣
ልክ እንደኛ ሰፈር፦
ከተማ ነው ሲሉት የላም ደወል ሰምቶ ገጠር የሚመጣ፣
ገጠር ነው ሲሉት ደግሞ
በማሽላው መሀል የኮንዶሚኒየም ዕጣ የሚያወጣ።

መሀላቸው ስፖንጅ፣ ከፍራሽ ሆድ የተቀደደ፣
ማሰሪያው ከመነዳሪ፣ ተሰንጥቆ ገመድ የተወለደ።
አባቴ ጫኝ ነበር፤ እህል በረንዳ ነው ወገቡ የቀረው፤
«እሰረው እንጂ አታንቀው፤
የታነቀ ጭነት መንገድ ላይ ነው» ይለኝ ነበር «የሚበጠሰው»።

ሌንሳ አታምነኝም፤
ቋጠሮዬን ሁሉ አንድ በአንድ ትዳስሳለች።
ትርሐስ ካሶኒው ውስጥ
ሞተሩ ሳይነሳ እንቅልፏን ጀምራለች።
ገመቹ ግን ቆሞ ነው፤
ፍሬሙ ከመርካቶ፣ ቸርኬው በውሰት የመጣ ብስክሌቱን ሰጥቶ፣
ልጁን ትምህርት ቤት በር ላይ እንደተወ አባት
ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይመጣል ተመልሶ።

ከአዲሱ ገበያ ዳገቱን ስንወጣ፣ በባሕር ዛፍ መሀል፣
አምስቱም የፊት ጎማ በነፋስ ይዞራል።
የሚጋልብ የለም፣
ላብ የለም፣ ቁርጥማት የለም።
«እየው» አለኝ አንድ ቀን ገመቹ በመስኮት፣
«ያለ እኔም ይወጣል፤ እኔ ለምን ልሙት?»

ኬላው ጋ ትራፊኩ፦ «ይኼ ምን ማለት ነው? ከወርድ የወጣ ጭነት!»
«ጭነት አይደሉም» አልኩ፣
«ተሳፋሪ ናቸው፤ ታሪፍ ያልወጣለት።»
ሳቀ።
እየሳቀ ጻፈ።

ያለፈው እሑድ ነው።
ከጫንጮ ሲመለሱ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ
ጭጋግ ተደፋብን፣ ፈረሱን ከሣሩ እስከማንለይ።
አራቱን አስሬ አምስተኛውን ብጠብቅ
ገመቹ አልሰጥም አለ።
«ብርድ ነው።»
«አውቃለሁ።»
«ሲሚንቶ ጫኞቹ አሁን ነው የሚበዙ።»
«አውቃለሁ።»
አልተከራከርኩም፤
ሒሳቡ ያው አንድ ነው፣ አራትም አምስትም ቢጓዙ።

ባዶው ማሰሪያ ግን ዝም አላለም፤
ላሜራውን መታ፣ ጠጥ፣ ጠጥ፣ ጠጥ፣
እንደ ባለዕዳ በር ቆርቋሪ።
በመስታወት አየዋለሁ፦
አጎንብሶ፣ ከጀርባው እንፋሎት ሲወጣ፣
ከኋላው ሁለት መብራት ዳገቱን ሲመጣ።
ሦስተኛ ማርሽ።
ሁለተኛ።
ነፋሱን በፒክአፔ ቂጥ ከለልኩለት።
ሌንሳ ጣሪያውን ደበደበች፦ «ምነው? ነዳጅ አለቀ?»
«ማርሹ እምቢ አለኝ» ብዬ ዋሸሁ።

ኩርባው ላይ ጠፋ።
መስታወቱ ጭጋግ ብቻ።
ሲሚንቶ ጫኙ አለፈኝ፤ አስፋልቱ ተንቀጠቀጠ፤
ማሰሪያው ጠጥ፣ ጠጥ።
ቆምኩ።

ትርሐስ ነቅታለች። ማንም ቃል አልወጣው።
መጀመሪያ የሰማሁት
ሰንሰለቱን ነው፣ ግራሶ የራቀው፣ ሲጥ፣ ሲጥ የሚለው፤
ከዚያ የፊት ጎማው፣
ከዚያ እሱ ራሱ፣ ጭቃ እስከ ቅንድቡ።

በቀኝ በኩል መጣ።
ባዶዋ ቦታ ጋ ሲደርስ ቆመና
ብስክሌቱን ሳይሆን እጁን ሰቀለ ስፖንዳው ላይ፣
ሁልጊዜ ጎማው የሚያርፍበት፣ ቀለሙ ያለቀበት።
ማሰሪያውን ይዞ
ጠጥ ማለቱን አስተወው።

«ልጫነው?» አልኩት።
«ትንሽ ይተንፍስ» አለኝ።
ማንን እንዳለ አልጠየቅኩትም።