የምላስ ጡረታ

ሰው በክንዱ ያድራል፣ ሰው በብዕር ያድራል፤
የእኔ እንጀራ ግን በምላሴ ዞሯል።
ሃያ ስምንት ዓመት፣ ሐረር፣ ቢራ ፋብሪካ፣
በማለዳ ቀምሼ፣ ጉድለቱን ስለካ፣
ሚስቴ «ጠጪ» ስትለኝ፣ ጎረቤት «ዕድለኛ»፣
እኔ ግን ነበርኩኝ የጠርሙሱ ዳኛ።

የመሥሪያ ቤት ንብረት ሳስረክብ፣ ሲቆጥሩት፣
ብርጭቆ ጎደለ አሉ፤ ምላሴን ረሱት።
ይዤው ወረድኩና በደንገጎ ቁልቁለት፣
ይኸው ከዚራ ላይ ሥራ አጣሁለት።

ትናንት በአስር ሰዓት፣ ወበቁ ሳይበርድ፣
በለገሃር መንገድ ውሻ እንኳ ሳይሄድ፣
የእህቴ ልጅ መርዕድ ከጅቡቲ መጣ፤
ከቦርሳው፣ ከካልሲ ውስጥ፣ ጣሳ ቢራ አወጣ።
«አጎቴ፣ የጀርመን ነው፤ እሱ ነው አባቱ!
ቅመስና ፍረድ፣ ልኩን ይወቅ የኛው ከንቱ።»

ጣሳውን ዳበስኩት፤ ትኩሳት ይዞታል፤
በንዳድ ላይ ያለን ምስክር ማን ይሰማል?
መርዕድ ወደ ኢምራን ሮጠ፣ በረዶ ፍለጋ፤
ኢምራን መጠጥ አይነካም፤ በሩን ግን አልዘጋ፤
«ጣሳው ይቀዝቅዝ እንጂ ሆዱ ውስጥ ያለውን
እኔ አላየሁም» አለ፣ እየቆረሰ በረዶውን።

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን።
አንዲት ባጃጅ አለፈች፣ አቧራዋን አስከትላ።

ብርጭቆን በሳሙና ማጠብ አረፋን መግደል ነው፤
በጨው አሸሁትና ወደ ፀሐይ ያዝኩት፣ እስካምነው።
ጣሳው ብዙም አልጮኸ፤ አንዴ ተነፈሰ፤
እንደ ገለባ ቢጫ በቀጭኑ ፈሰሰ።
አረፋው ሁለት ጣት ቆመ፣ ነጣ፣ ደላው፤
መቶ ሳልቆጥር ግን መውረድ ጀማመረው።

አፍንጫዬ ደረሰ ቀድሞ ከከንፈሬ፤
የባሕር ማዶው ጌሾ፣ እንደ እርጥብ ሣር፣ እንደ ጥሬ።
ከሥሩ ግን አለ አንድ ነገር፣ የደከመ፤
ርሶ የደረቀ ካርቶን፣ መጋዘን የከረመ።

መርዕድ ፊቴን ያነባል፣ ልክ እንደ ፈተና ውጤት።

ወዲያው አልዋጥኩትም፤ ጉንጭ ለጉንጭ ላክሁት፤
ምሬቱን ቀጥ ብሎ፣ እንደ ሐዲድ፣ አገኘሁት፤
ከሱ ኋላ ደግሞ ቀጭን፣ ጣፋጭ ገብስ፤
ከዚያ ዝም አለ፤ ለጉሮሮ አንድም ወሬ ሳያደርስ።

«እህስ?»
                «ደህና ነው።»
                                «ደህና? ደህና ብቻ?»

«ስማኝ፤ ይህ ባገሩ መኳንንት አይደለም፤
ግንበኛ ነው የሚጠጣው፣ ሲመሽ፣ ሲደክም።
ማንም አያደንቀውም፤ ማንም አይሰድበውም፤
ባሕር ሲሻገር ነው የደረበው፤ እዚያ ካባ የለውም።
ደግሞም መንገድ ጎድቶታል። ወደቡ ላይ ስንት ቀን ቆመ?
እኛስ እዚያ ፀሐይ ላይ፣ ማን ነበር ያልታመመ?
ባገሩ ሳልቀምሰው፣ ትኩስ ሳለ፣ ከበርሜሉ፣
‹ንጉሥ› ቢሉት ሐሰት፣ ‹ከንቱ› ቢሉት በደሉ።»

ከፋው። «ነጥብ ስጠዋ! ከአስር፣ በል፣ ስንት?»
«ስድስት። ለመንገዱ አንድ ልጨምርለት፣ ሰባት።»

ኢምራን ከሱቁ ደጅ፣ ያ ምንም ያላየው ሰውዬ፣
«ስንት አገኘ?» ይላል።
«ሰባት» ብንለው፣ «እንዴ!
አንዷማ የኔ ናት፣ የበረዶዬ!»

ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ መርዕድ ዝቅ ብሎ፣
«የኛስ?» አለኝ።

የኛስ።
የኛን ምን ልበለው? ቅጹ ትዝ አለኝ፣
ቢጫ ወረቀት፣ ዘጠኝ ዓምድ፣
ዘጠኙም ለጉድለት።
ኮምጥጦ እንደሆነ፣ ደፍርሶ እንደሆነ፣
ሽታው ተለውጦ፣ አረፋው መንምኖ፤
ሁሉም ቦታ አለው።
የገብሱ ዓመት ሰምሮ፣ ውሃው ጠርቶ፣ ሌሊቱ በርዶ፣
ዓይኔን ያስጨፈነኝ፣ ጓደኛዬን ያስጠራኝ ጠዋት፣
ስንት ጠዋት ነበር!
መጻፊያ አጣሁና፣
ዓምዱን ባዶ ትቼ፣ ከታች ፈረምኩበት።

ይህን አልነገርኩትም።
«ብርጭቆ አምጣ» አልኩት።
የቀረውን ለሁለት፣ አረፋው ሳይሞት፣ ከፈልነው።
ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጀርባ ወረደች፤ ወበቁ አልወረደም።

ሁለተኛውን ጉንጭ አልቀመስኩትም።
ጠጣሁት።